የሦስተኛው ምድጃ መስመር

ይድረስ ለውድ እህቴ፦

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ትማረሪያለሽ? እማዬ ዓይኗን ታከመች? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ አንዲት ፀጉሬ እንኳ አልተነካችም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ረስቻችሁ ሳይሆን እንዴት ብዬ እንደምጽፍልሽ ጨንቆኝ ነው።

እዚህ ዳቦ ፋብሪካ የቤቱ ኤሌክትሪሺያን እኔ ነኝ። ከባድ ጥገና ሲኖር ግን በኮንትራት ከውጭ የሚጠራ ሰው አለ፣ ቀጮ እንለዋለን። ሥጋ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ሌላው አንገቱን የማያስገባበት ቀዳዳ እሱን ሙሉውን ይውጠዋል። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ሦስተኛው ምድጃ ተበላሽቶ ተጠራ። እኔ ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩና «ቆርጬዋለሁ፣ ግባ» አልኩት። ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚለካበትን ቴስተር ከኪሱ አወጣ፤ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ከተተው። «አንተ ካልክ በቃ» አለ። በእኛ መካከል ባልደረባህ ቆርጫለሁ ካለህ ወዲያ ፊቱ ቆመህ መለካት ውሸታም እንደማለት ነው። ይሉኝታ ያዘው፣ ያ ነው ነገሩ።

ያ ምድጃ ደግሞ ኃይል የሚያገኘው ከዋናው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ኬብሉ ሲቃጠል፣ ለጊዜው ብዬ ከማሸጊያው ክፍል መስመር የሳብኩለት ራሴ ነኝ። ለጊዜው የተባለው በዚያው ቀረ። የማጥፊያው ሳጥን ላይ አልጻፍኩም፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ በኋላም ከነጭራሹ ረሳሁት። ቀጮ እጁን እንዳስገባ ኤሌክትሪኩ ያዘው። ሮጬ የማሸጊያውን እስካጠፋ ድረስ የሚሆነው ሆነ። ሐኪሞቹ ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ቆረጡት፤ የግራው ሁለት ጣቶችም አይታዘዙለትም።

ሚስቱ ጠበቃ ይዛ ካሳ ጠየቀችለት። የፋብሪካው ጠበቃ ግን የኮንትራት ሠራተኛ ለራሱ ደህንነት ራሱ ኃላፊ ነው፣ ሳይለካ ገብቷል፣ ስለዚህ እኛ አንጠየቅም ይላል። ቀጮም ሆስፒታል ሆኖ መርማሪዎቹ ሲጠይቁት «ጥፋቱ የራሴ ነው» ብሏቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ቀጮን ስለ ማሸጊያው መስመር አስቀድሜ አስጠንቅቄው እንደነበር የሚል ወረቀት አምጥቶ፣ ሥራህን የምትወድ ከሆነ ፈርም አለኝ።

ቀጮ ቤት ሄጄ ለምን እንደዚያ እንዳለ ጠየቅኩት። «እናትህን የምትጦር አንተ ነህ። እኔን ኤሌክትሪኩ አንዴ በልቶኛል፣ አንተን ምን ብዬ ልጨምርለት?» አለኝ። ይህን ሲለኝ ሚስቱ ብርጭቆ ይዛ ውሃ ታጠጣው ነበር። እኔን ግን አላየችኝም። ከቤታቸው እስክወጣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ነገ ጠዋት ችሎት ፊት ቆሜ የቀጮን ቃል አፈርሳለሁ፤ ቆርጬዋለሁ ያልኩትም፣ መስመሩን የሳብኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። ሥራዬ ያበቃል። ልከሰስም እችላለሁ ተብያለሁ። ፈርቻለሁ እትዬ።

ባለቤትሽን ወንድምህ ጸልይልኝ ብሏል በይልኝ። ትልቁን በትምህርቱ እንዲበረታ ምከሪልኝ፣ ትንሿን ጉንጭ ጉንጯን ሳሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ድምፄ ሲጠፋባት ምን ሆኖ ነው ብላ መጠየቋ አይቀርም። ታመመ ብለሽ አትሸፍኚልኝ። ሰው ጎድቶ ነው በያት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከፋብሪካው ጀርባ ከተከራየኋት ክፍል
ኅዳር 14 ቀን