ስለ «ሪኳይታል» ትርጉምና አጠቃቀም፤ ለሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በጋዜጣ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውለታ የዋለ ሰው ብድሩ የሚመለስለት መቼ ይሆን ብሎ ያልጠየቀ የአቃቂ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሁለቱም እግሮችዎ ደኅና መሆናቸውን በመስማቴ ከልብ ደስ ብሎኛል።

እኔ ዳሲቱ ኦላና፣ በሰኔ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተመረቅሁ፣ የሐዲድ ዘበኛዎ የአቶ ኦላና ልጅ ነኝ። ነሐሴ ላይ መኪናዎ ወደ ፋብሪካው በሚገባው ሐዲድ ላይ ሞተሯ ጠፍቶ ሳለ፣ ፍሬን የበጠሰ ፉርጎ ቁልቁል ሲመጣብዎ፣ አባቴ ከመንኰራኩሩ ሥር ሽብልቅ ወትፎ እንዳቆመውና ግራ እግሩ እዚያው እንደቀረ አይዘነጉትም። ስላደረጉልን ሁሉ እያመሰገንሁ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሆስፒታል ድረስ በላኩልን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለአባቴ «ሪኳይታል» እንደሚደረግለት ቃል ገቡ። እንግሊዞቹ ራሳቸው የተዉት ያረጀ ቃል ነውና መዝገበ ቃላት ገልጬ «ብድር መመለስ፣ ወሮታ መክፈል» እያልሁ በጎረቤት ፊት ተረጎምሁ። እናቴ እልል አለች። ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይቱ ግን «እስቲ ቃሉ በእግሩ ይምጣና እናየዋለን» አሉ።

፪. የመጣው በመስተዋት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ነው። እግዜር ይስጥልን፤ የግድግዳውን ቀዳዳ ሸፍኖልናል።

፫. ግድግዳው ለካ የእርስዎ ኖሯል። ባለ አንድ እግር የሐዲድ በር ሊዘጋ አይችልምና፣ የዘበኛውን ቤት እስከ ወሩ መጨረሻ እንድንለቅ አዘዋል። ይህኛውን ደብዳቤ በጥሩ አማርኛ ስለጻፉልን አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

አስተማሪዎቼ የቃላትን ትርጉም እንጂ አጠቃቀማቸውን በወጉ አላስጨበጡኝም ነበር፤ ከእርስዎ ተማርሁ።

ቢሆንም ወጣት ነኝና ተስፋ መቁረጥ አልተለማመድሁም። አባቴ ሌላ ቤት የለውም፤ ይተዉለት። በሩን እኔ እየከፈትሁ እዘጋለሁ፤ ዲግሪዬ ቅር አይለውም። መልስዎን በዚሁ ጋዜጣ እጠባበቃለሁ፤ አንባብያንም፣ ውለታችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ የተመለሰላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እንተርጉመው።

በቸርነትዎ ጥላ ሥር እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ የምትኖረው፣
ታዛዥዎ ዳሲቱ ኦላና
አቃቂ፣ ጥቅምት ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

የተረሳች ነገር፦ አዲሱን ዘበኛ ያደታን እንዲያሠለጥን ስላዘዙት፣ አባቴ በምርኩዝ ወጥቶ አስተምሮታል። ያደታ፣ «ጋሼ፣ ሰው ሐዲዱ ላይ ሆኖ ፉርጎ ቢመጣ ምን ላድርግ?» ቢለው፣ አባቴ «ዘወር በል፣ ልጄ» ብሎታል።