ከመድረክ የወረድኩ ዕለት

ውድ ወንድሜ ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል? ልጄ ጨው ከለከለችኝ እያልክ በስልክ ታማታለህ፤ እባክህ እሺ በላት፣ ለአንተው ብላ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታዘዝ ይሉኛል፣ መርፌም ከእጄ መውደቅ ጀምሯል፤ ግን እሱን ተወው። ስፌቱን ለልጆቹ ለቅቄ፣ እኔ ደንበኛ እየለካሁ ወሬ እቀበላለሁ።

በስልክ ስለ ኦርኬስትራው ሳነሳብህ ስለ አየሩ ትጠይቀኛለህ። ደብዳቤን ግን መሃል ገብቶ ማቋረጥ የለም፤ ያኮረፈ ሰውም ቢሆን ያነባል። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልህ።

ሰባ ተጫዋች ደረስን፣ ጋሼ። ሰባ! በሬዲዮ መጠገኛህ ጓዳ አራት ሆነን ስንጀምር ትዝ ይልሃል? አንተና እኔ በቫዮሊን፣ አስተማሪው በቼሎ፣ ዳቦ ጋጋሪው በትራምፔት። ሊጡ ኩፍ ብሏል እያለ በዜማው መሃል ጥሎን ሲሮጥ፣ የእሱን ክፍል በአፋችን እያዜምን እንጨርስ ነበር። በመጀመሪያው ዝግጅታችን አድማጮቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዷም የተጠገነ ሬዲዮዋን ልትወስድ የመጣች ናት። አንተ ግን ከተማው ሁሉ የተሰበሰበ ይመስል እጅ ነሳህ።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ መመገቢያ፣ ከዚያ ትልቁ አዳራሽ። ሰው በበዛ ቁጥር ጎበዞቹ ወደ ፊት፣ እኛ ወደ ኋላ። ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ የተባለው ለእኔ ነው እያልኩ እየሳቅሁ፣ ረድፍ በረድፍ ሸሽቼ ከበሮው ሥር ደረስኩ። አንተ መሪ ነበርክና የምትሸሽበት ኋላ አልነበረህም። ኮሚቴው የተማረ መሪ ሲያመጣ፣ የአዳራሹ ብርድ ደረቴን ጎዳኝ ብለህ ልጅህ ዘንድ ሄድክ። ብርዱ የት እንደገባህ ሁላችንም አውቀናል። ስትሄድ በሩ ላይ፣ እዚያ ቤት ከእኔ አንድም ነገር አልቀረም ያልከኝ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ባለፈው ወር አንዲት ነርስ ቫዮሊኗን ይዛ መጣች፤ ስትጫወት ለጉድ ነው። መድረኩ ግን ሞልቷል፣ ወንበር ማስገቢያ የለም። ኮሚቴው አፍሮ እርስ በርሱ ሲተያይ እኔው ተነሳሁላት። ተይ እንጂ አሉኝ፤ አጥብቀው ግን አይደለም። ለምን ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በዝግጅቱ ዕለት ከአድማጩ መሃል ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ስጫወትበት ኖሬ ለካ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም! ውስጡ ሆነህ የምትሰማው የጎረቤትህን ቫዮሊንና የራስህን ስህተት ነው። መሪው በትሩን አነሳ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ የመጀመሪያው ድምፅ ከመውጣቱ በፊት፣ ሰባውም ሰው በአንድ ላይ አየር በአፍንጫው ሳበ።

ጋሼ፣ ያቺ ትንፋሽ ያንተ ናት! ሁለቱም እጅህ በቫዮሊን ተይዞ ምልክት መስጫ ሲጠፋህ፣ እንደ ጉንፋናም ሰው በአፍንጫህ ሳብ አድርገህ ታስጀምረን ነበርና። መሪውን ብጠይቀው፣ ይህን አመል ሊያስተዋቸው ከመጣ ጀምሮ ለፍቶ እንዳቃተው፣ አሁንማ እሱም ራሱ እንደሚስብ እየሳቀ ነገረኝ። ነርሷን ከማን ተማርሽው ብላት ግራ ገባት፤ ሁሉም ያደርገዋል፣ የሙዚቃ ሕግ መስሎኝ ነበር አለችኝ። አንተን በመልክ እንኳ አታውቅህም።

ወንድሜ፣ ና። ኮሚቴው ላኪበት አላለኝም፤ የምለምንህ እኔ ነኝ። ከጎኔ ተቀመጥና አንዴ ስማቸው። ከዜማው በፊት ያለችዋን ብቻ ሰምተህ ተነስተህ ብትሄድም አልቀየምህም።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የልጅህን ቤት ይባርክልህ፤ ልብህንም ያራራልኝ።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ