ስለዚያ የፋዲላ ፎቶ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ መሊካ፣ ኩዌት።

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? የምትሠሪላቸው ሰዎችስ የጁምዓ ዕረፍትሽን መስጠት ጀመሩ? እዚያም ብርድ እንደሚገባ የጎረቤታችን ልጅ ሐቢባ ስለነገረችን እማ አጠገቤ ተቀምጣ «መጀመሪያ እግሯን ሸፍና ትተኛ ብለህ ጻፍ» ትለኛለች። ይኸው ጻፍኩ። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ምግብ ሲቀርብ ብቻ ነው ቦታሽ ባዶ መሆኑ የሚታወቀን።

ለእማ በስልክ «ያሕያ ተቀየመኝ እንዴ? ፌስቡክ ላይ ስፈልገው አጣሁት» ማለትሽን ሰማሁ። ወላሂ አልተቀየምኩሽም። ፌስቡኩን ዘግቼ ወጥቼ ነው። በስልክ ላስረዳሽ ሞክሬ አፌ እየተሳሰረ ስለ ሙቀቱ ሳወራሽ መስመሩ ይቋረጣል። አሁን ሐቢባ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያ ልትመለስ ስለሆነ ይህን በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ነገሩ ለራሴም አልጠራልኝምና ከወዲያ ወዲህ ቢዘባርቅ ታገሺኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ማሾው ዘንድሮ ደህና ነበር፤ ሽንኩርቱን ግን ተባይ ነካክቶታል። አባባ የመስኖ ተራ ሲጠብቅ ይውልና ማታ እግሩን እያሸ ይገባል። ልጅሽ ፋዲላ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የላክሽላትን ቀይ ሻርፕ፣ ሙቀቱ እሳት ሆኖም፣ ትምህርት ቤት ለብሳው ነው የምትሄደው። አስተማሪዋ ወሬ ታበዛለች ብላ አስጠርታኝ ነበር፤ አንቺን ወጥታ ነው ብዬ መለስኩ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሚኪያስን ታስታውሺዋለሽ፣ ጋሼ በላይ ፎቶ ቤት አብረን ሙያ የተማርነው ልጅ። እሱ አዲስ አበባ ገባ፣ እኔ እዚሁ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፈትኩ። አንቺ በላክሽልኝ ስልክ ፌስቡክ ስጀምር ቀድሜ ያገኘሁት እሱን ነበር። ደስ አለኝ። ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ ይህን አልክድም። ጣርማ በር ላይ ጉሙን ሰንጥቀው የሚወጡ አህዮች አሉት፣ ስታይው ብርዱ ይሰማሻል። ከሥሩ የሰው ምስጋና ተነቦ አያልቅም። እኔ የለጠፍኩትን ደግሞ የምትወዱልኝ አንቺና የአክስታችን ልጆች ናችሁ።

እንዴት እንደጀመረኝ አላውቅም። ሱብሒ ሰግጄ ሳልነሳ እጄ ወደ ስልኩ መሄድ ጀመረ። ድሮ ሽማግሌ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ሲመጡ ኮታቸውን አስተካክዬ፣ ስለ ከብታቸው ጠይቄ፣ ፊታቸው ሲፈታ ነበር የማነሳቸው። ኋላ ግን ብልጭ አድርጌ «ጨርሰዋል» ማለት ብቻ ሆነ። ሚኪያስ ዓለምን ሲያነሳ እኔ የመታወቂያ ፎቶ እያልኩ በሆዴ እብሰለሰላለሁ። የራሴን ሥራ ሳየው፣ እሱ ቢሆን እንዴት ያነሳው እንደነበር ነው የሚታየኝ።

ጥቅምት ላይ ማሾ ለቀማ ወደ ጀውሃ መንገድ ያለው የአጎታችን ማሳ ሄድን። ፋዲላ ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ስትሳሳቅ ነው የዋለችው። ፀሐዩ ሲያዘነብል ካሜራዬን አውጥቼ የደረቀ የማሽላ አገዳ ፊት አቆምኳት። ቀዩ ዓይን ይስባል ብዬ ሻርፑን አስወለቅኳት። ስትስቅ «አትሳቂ»፣ ስታወራ «ዝም በይ» እያልኩ እስክትደክም ጠበቅኋት። ከዚያ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ አነሳኋት። እትዬ፣ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። እንደዚያ ያለ አንስቼ አላውቅም። ጥቁርና ነጭ አድርጌ ለጠፍኩት፤ ሚኪያስም ሼር አደረገው። ሲነጋ የማላውቀው ሕዝብ ነው የጠበቀኝ። ግማሹ «ድንቅ ዓይን አለህ» ይለኛል፣ ግማሹ «ምስኪን»፣ «እናት አልባ ትሆናለች» ይላል። አንዱም የት እንዳለች ንገረንና እንርዳት አለ። እናት እንዳላት፣ ቀኑንም ስትስቅ እንደዋለች ልጽፍ ጣቴ ሄዶ ተመለሰ።

የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ደውለሽ «ልጄን ምን አገኘብኝ? ምን ደበቃችሁኝ?» አልሽኝ። ምንም አልሆነችም፣ ጥበብ ነው እኮ ብልሽ «እኔ ጥበብ አላውቅም፤ ይህ ፊት እንዳይመጣባት ብዬ ነው የሰው ቤት የምወለውለው» ብለሽ ዘጋሽው። በዚያው ቀን ፎቶውን አወረድኩት። ኋላ ይቅር ብለሽኛል፤ አሁን የምጽፍልሽ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሚኪያስ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ሲያልፍ እኛ ቤት ጎራ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አስመሳይ ሆኖ ባገኘው ቀለል ይለኝ ነበር። አልሆነም። እማን «እትዬ ሙሀባ፣ እንዴት ሰነበቱ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሳማት፤ የቀረበለትን በላ፤ ተጣብቆ አልዞር ያለኝን ሌንስ ፈታትቶ ሠራልኝ። ሥራው ሞልቶለታል፤ ደስተኛም ነው። «ያን ፎቶ ለምን አወረድከው? ካነሳኸው ሁሉ ይበልጣል» አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። «እኔ ብሆን አላወርደውም ነበር። ፎቶው ልክ ነው፤ የተሳሳቱት ያዩት ሰዎች ናቸው» አለ። «እህቴም ካዩት አንዷ ናት» አልኩት። ቆይቼ «አንተስ ስትሠራ የማንን ፎቶ ነው የምታየው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ጥያቄው ግራ አጋብቶት «ጊዜ የት አለኝ» አለኝ። ያች መልስ ናት ልቤ ውስጥ የቀረችው። እኔ እሱን ሳይ የከረምኩባቸውን ዓመታት እሱ ማንንም ሳያይ ነው ያሳለፋቸው።

እሱ እንደሄደ ፌስቡኩን ዘጋሁት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጣቴ ራሱ እየሄደ ቦታውን ይነካ ነበር። እማ ስልኩ የተበላሸ መስሏት እስካሁን «ለሠሪ አሳየው» ትለኛለች። እትዬ፣ ሰላም አገኘሁ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን አልሆነልኝም። አንዳንድ ቀን ሸክም እንደወረደለት ሰው ነኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ሩጫ ሲያቅተው አቋርጦ ወጥቶ «ሩጫ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ሆኜ እታየኛለሁ። የትኛው ነኝ? አንቺ ከሩቅ ይታይሽ እንደሆን እንጂ እኔ መለየት አቅቶኛል።

ከጥምቀት በኋላ ቀወት ገጠር ያሉ ጋሼ ገብረሚካኤል የሚባሉ ገበሬ የልጃቸውን ሰርግ እንዳነሳ ጠሩኝ። ካሜራዬን ይዤ የት እንደምቆም ጠፋኝ። ድሮ በሚኪያስ ዓይን እያየሁ ነበር የምቆመው፤ እሱን ስተወው የራሴን ከየት ላምጣው? በሰርገኛው መሐል ስዞር አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ ቆመህ ከምታስብ እኛን አንሳን» ብለው እጄን ያዙኝ። አነሳኋቸው፣ ሌላውም ተከተለ፣ ዋልን። አልበሙን ሳስረክብ ጋሼ ገብረሚካኤል በጣታቸው ፊቶቹን እየነኩ «እሱ አለ፣ እሷም አለች፣ ወንድሜ የታለ?» ይላሉ። ወንድማቸውን ሲያገኙት ጣታቸውን እዚያው አሳርፈው አዩት። የተጨነቅሁበትን ብርሃን ልብ ያለ የለም። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም፤ ይኸው አሁንም አላወቅሁም።

ከትናንት ወዲያ ኮምፒውተሬን ሳጸዳ ያን የማሾ ማሳውን ፎቶ አገኘሁትና ፋዲላን ጠርቼ አሳየኋት። እስከዚያ አሳይቻት አላውቅም ነበር። ተጠግታ ብዙ አየችው። «ምን ሆነሽ ነው እዚህ ጋ?» አልኳት። «ውሃ ጠምቶኝ» አለችኝ፣ «እስክትጨርስ እየጠበቅኩህ ነበር።» ከዚያ ወጥታ ሄደች። ያ ሁሉ ሕዝብ ረሃብ አየበት፣ አንቺ መከራ አየሽበት፣ እኔ ጥበብ አየሁበት። የውሃው ጀሪካን ከኋላዬ ነበር፤ ሙሉ ነበር።

በፖስታው ውስጥ የፋዲላን የቅርብ ጊዜ ፎቶዎች ታገኚያለሽ። አልመረጥኩም፤ ብዥ ያለም አለበት። ስትሮጥ አለች፣ እማ ስትቆጣት አለች፣ አባባ ትከሻ ላይ ተኝታ አለች። ለብቻዋ ታሽጋ ባለችው ትንሽ ፖስታ ያለው ግን ያ ፎቶ ነው። በወረቀት ካሠራሁት በኋላ ከኮምፒውተሩም ከስልኬም አጥፍቼዋለሁ፤ በእኔ እጅ የቀረ የለም። ልቀደው ይዤው ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ላስቀምጠውም ዓይኔ አልቻለም። እናቷ ነሽና የአንቺ ይሁን። ብትቀጂው አትንገሪኝ። ብታስቀምጪውም አትንገሪኝ።

እማ አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ እያለች ሌት ተቀን ዱዓ ታደርግልሻለች። አባባ ሰላም ብሎሻል፤ ስለ ወገብሽ ሐኪም እንድታዪ አደራ ብሏል። አጎታችን «ያሕያ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ ወይ» ብሎ ስቆብኛል፤ ሰላምታውን ግን ልኮልሻል። የሐቢባ እናትም ለሁለታችሁ እኩል እንዳለቀሰች እንድነግርሽ ብላለች። እኔም ወንድምሽ በጣም ናፍቄሻለሁ። ከዚህ በታች ያለው የፋዲላ እጅ ነው፤ አላረምኩላትም።

«እማዬ እኔ ደና ነኝ። ጥርሴ ወለቀ አልደማም። ቶሎ ነይ።»

ወንድምሽ ያሕያ

ሸዋ ሮቢት
የካቲት ፱ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.