ዓይኑን እነሱ፣ ክንዱን እኛ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለሜ፣

እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ ብርድ ሲገባ ያስቸግርሽ ነበር፤ ዘንድሮስ አደብ ገዛ? ባለቤትሽ እንዴት ነው፣ ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም ሐኪም ቤት እንቢ እንዳለ ነው? ሴቶቹ ልጆችሽስ? ትልቋ ሥራ አገኘች ብለሽኝ ነበር፤ አለቃዋ ክፉ እንዳይሆን ብቻ። ትንሿስ ከመጽሐፍ ቀና ማለት ጀመረች? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ ያላጣራሁትን ቃል ወረቀት ላይ ማስፈር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ባለቤቴ አለች። ቤቱ ቆሟል። የአባታችን ዳቦ ቤትም፣ ግድግዳው በጥይት ተበሳሳ እንጂ፣ ቆሟል። ልጅሽም በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው ነው።

ስልኩ ከመቋረጡ በፊት የጮኽሽብኝን አልረሳሁም። «ወንድሜ ከሆንክ፣ ልጄን እንዲህ ያደረገው ሰው ነግቶለት ፀሐይ እንዳያይ» ብለሽኛል። አንቺ ጋ የደረሰው ወሬ ወራሪዎቹ ዓይኑን አጠፉት፣ ክንዱን ሰበሩት የሚል ነው። ወሬው ግማሹ ትክክል ነው። ልጅሽ በቅርቡ ከዚህ ተነስቶ ወደ አንቺ ይመጣል። ስትጠይቂው ወድቄ ነው ይልሻል፣ ወይም ደግሞ እንደለመደው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እሱን ቀድሞ ይድረስሽ። የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ብትጠዪኝም።

ወራሪዎቹ ከተማውን የያዙት ብዙም ሳይተኮስ ነው። ወታደሮቻችን ወደ ኮረብታው አፈገፈጉ፤ እኛ ቀረን። በሳምንቱ ዳቦ ቤታችን መጥተው ለጦሩ በየቀኑ እንድንጋግር አዘዙ። ልጅሽን ሠራተኛው ሁሉ «ዳኛው» እንደሚለው ታውቂያለሽ፤ በልጅነቱ ከረሜላ በጥርሱ እኩል ከፍሎ ሲያካፍል የወጣለት ስም ነው። ያን ቀን ጋጋሪዎቹን ሰብስቦ «አንተኩስም፣ አንሰድብም፣ አንጋግርም» አላቸው። እሳቱ ይጥፋ፣ ምድጃው ይቀዝቅዝ። እናንተ ስትጀምሩ ሾፌሩም ይከተላል፣ የውሃ ሠራተኛውም ይከተላል፤ የሚያገለግለው ያጣ ጦር የድንጋይ ክምር ነው አላቸው።

እኔ ተቃወምኩ። የታሪክ ዲግሪዬን ይዤ የአባቴን ዱቄት የምመዝን ሰው ብሆንም የተማርኩትን አልረሳሁም። እጁን አጣጥፎ ሀገሩን ያስጣለ ሕዝብ አላነበብኩም አልኩት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ያንተም ሰላም እንደዚያ ነው» አልኩት፣ በሠራተኛው ፊት። እሱ ሳቀና «ጋሼ፣ ጠመንጃ አንስተው የጠፉትንስ መጽሐፍህ ቆጥሯቸዋል?» አለኝ። ጋጋሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ልጁን እንደ ልጄ አሳድጌ ያስተማርኩት መከራከር ብቻ ነው መሰለኝ።

ተስማሙ። ግን የጋጋሪዎቹ አለቃ፣ አንቺ እያለሽ ተቀጥሮ «እርሾ» ያልነው ያ ቀጭኑ ሰውዬ፣ ከስብሰባው በፊት ያቦካው ሊጥ በገንዳው ሙሉ ተነስቶ ነበር። «የተነሳ ሊጥ ቀጠሮ አያውቅም» አለ። ለሰፈሩ ሰው ብቻ ልጋግረውና በጓሮ በር ላከፋፍል፣ ከዚያ እሳቱ ይጥፋ አለ። ልጅሽም አልከለከለውም፤ እኔም አልከለከልኩትም። ጦር ለማስራብ የቆረጠ ሰው አንድ ገንዳ ሊጥ ሲኮመጥጥ ማየት አቃተው። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው። የትኩስ ዳቦ ሽታ ደግሞ በጓሮ በር ብቻ ውጣ ተብሎ አይታዘዝም። መንገዱን ተሻግሮ ወታደሮቹ ያረፉበት ትምህርት ቤት ደረሰ።

አንድ ሃምሳ አለቃ ወታደሮቹን አስከትሎ መጣ። ዳቦው ሁሉ እንዲጫን አዘዘ። እርሾ ምድጃው ፊት ቆሞ «አልቋል» አለ። ዳቦው ከኋላው ተደርድሮ ይታያል። ሃምሳ አለቃው አልተከራከረም፤ ጉሮሮው ላይ ተኮሰበት። ሰውዬው ወደ ኋላ ምድጃው አፍ ላይ ወደቀ፣ ሸሚዙ ተያያዘ። ልጅሽ በእጁ ጎትቶ አወጣው፣ እሳቱን በደረቱ አጠፋው፤ እርሾ ግን አልቆለት ነበር። ከዚያ ልጅሽን ዳቦውን ጫን አሉት። እሱም ደሙ ላይ ቁጭ አለና እጆቹን አጣጠፈ። በሰደፍ መቱት። አልተነሳም። ደገሙት። ዓይኑ የጠፋው ያኔ ነው። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ሸሚዜን ከኋላ ጨምድዳ ይዛለች፤ ሸሚዙ ተቀደደ እንጂ እሷ አልለቀቀችኝም። ወታደሮቹ ዳቦውን ራሳቸው ጫኑ። ደም የነካውን እየለዩ ጣሉት፤ ሌላውን እዚያው ቆመው እየቆረሱ በሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ምድጃው ቀዘቀዘ። ይህን ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ልጅሽ እንዳለው ሆነ። ሾፌሮቹ ቀሩ፣ የውሃ ሠራተኞቹ ቀሩ፣ ልብስ አጣቢዎቹ ሳይቀሩ ቀሩ። ወታደሮቹ ቤት ለቤት እየሰበሩ ገቡ፤ ወንዱን አደባባይ አውጥተው ገረፉ፤ አንዱን ሾፌር መብራት ምሰሶ ላይ ሰቀሉት፣ ሬሳው እንዳይወርድም ከለከሉ። እኔ ለልጅሽ «ይኸው፣ ያንተ ሰላም ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል» አልኩት። ፊቱ አብጦ ከንፈሩ በቅጡ አይንቀሳቀስም። «ተኩሰን ቢሆን የከተማው ምሰሶ ሁሉ ይበቃን ነበር?» አለኝ። ይበልጥ ተናደድኩ። ወራሪዎቹ በመጨረሻ ጥሬ ዱቄት በውሃ በጥብጠው እስከ መጠጣት ደረሱ።

ከዚያ የእኛዎቹ ከኮረብታው ወረዱ። የሚመራቸው ያ ጋራዥ የነበረው መካኒክ ነው፤ የአባታችንን መኪና ሲፈታታ ይውል የነበረው። ውጊያው ጠዋት ተጀምሮ እኩለ ቀን ላይ አለቀ። መንገዱ ሬሳ በሬሳ ሆነ፤ የእነሱም የእኛም። አሁን በየቦታው ክርክሩ ማን ነፃ አወጣን የሚል ነው። ታጋዮቹ ጠመንጃ ይላሉ፤ ጋጋሪዎቹ ምድጃው ይላሉ። የእኔን ከጠየቅሽኝ፣ ምድጃው አስራባቸው፣ ጠመንጃው አስወጣቸው። የተራበ ወራሪ ወራሪ ነው፤ ርቦት ብቻ ቤቱ አይገባም። ይህን ለልጅሽም ነግሬዋለሁ፤ አሁንም አምንበታለሁ።

ሃምሳ አለቃው ቆስሎ ተማረከ። መካኒኩ የብረት በር ያለው የእኛ የዱቄት መጋዘን ብቻ ስለሆነ እዚያ ቆለፈበትና ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። «ፍርድ ይጠብቀዋል፤ ፀጉሩ እንዳይነካ» ብሎ የሸሹትን ሊያሳድድ ሄደ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰው ግቢውን ሞላው። አካፋ የያዘ አለ፣ የሚዛን ብረት የያዘ አለ። ልጅሽ ፊቱን በፋሻ እንደተጠቀለለ ወንበር ስቦ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጧል። «ዳኛው፣ ተነስ ከዚያ!» አሉት። አልተነሳም። «የጠላት ጠበቃ! አንድ ዓይን አልበቃህም እንዴ?» አለው አንዱ። እሱም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እነሱ እዚህ ሳሉ የት ነበራችሁ?» አላቸው። ባይለው ጥሩ ነበር። እውነት ነውና አመማቸው።

ቁልፉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ እታለሜ። ማንም አላስገደደኝም። እርሾ ምድጃው አፍ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ የእህቴ ልጅ ዓይን ወለል ላይ ሲፈስ አይቻለሁ። ዛሬም ያ ሰው እዚያ ቢኖር ቁልፉን እሰጣለሁ። ልጅሽ ቁልፉ ከእጄ ሲወጣ አየና «ጋሼ፣ አንተም?» አለኝ። ከወንበሩ ገፍትረው ጣሉትና ገቡ።

መጋዘኑ መስኮት እንደሌለው ታስታውሺያለሽ። በፋኖስ ገቡ። መማታት ሲጀምሩ ጆንያው ተቀደደ፣ ዱቄቱ ቦነነ፣ ሰው ሰውን ማየት አቃተው። ዱቄት በዝግ ቤት ቦንኖ እሳት ካገኘ እንደ ባሩድ እንደሚነድ አባታችን አስተምሮናል። እኔም በዚያ ሁሉ መሀል የጮኽኩት «ፋኖሱን አጥፉ!» ብዬ ነው። እንኳን ጮኽኩ፤ ባልጮኽ ኖሮ ሁላችንም እንቃጠል ነበር። አጠፉት። ከዚያ በጨለማ መቱ። ማንን እንደሚመቱ ሳያዩ መቱ፤ እርስ በርስም ተማቱ፤ ሰውዬው በማናውቀው ቋንቋ ይጮህ ነበር። ልጅሽ እየዳኸ ሊገባ ሲል ቀኝ ክንዱን አስገብቶ የበሩን ጠርዝ ይዞ ነበር። አንድ ሰው ያን የብረት በር በሙሉ ኃይሉ ዘጋው። እሱ እንዳይገባ ይሁን ሃምሳ አለቃው እንዳይወጣ አላውቅም። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ አልገልጽልሽም።

በሩ ሲከፈት ሃምሳ አለቃው ሞቷል። ሁላችንም ከእግር እስከ ራሳችን ነጭ ሆነን ነበር፤ ከእኛ የሚለየው ወለሉ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። እኔ ነኝ ብሎ ያመነ የለም። እዚያ የነበሩት ሁሉ ዳቦ የምሸጥላቸው ሰዎች ናቸው። እኔም በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ግፊያው ወዲያና ወዲህ ሲለን እጄ ምን ላይ እንደነበር መማል አልችልም። ሐኪሙ ክንዱን አትርፎለታል፤ ጣቶቹ ግን አይጨብጡም። ሊጥ ዳግመኛ አያሽም።

እንግዲህ ደም መልስልኝ ላልሽኝ መልሴ ይህ ነው። የዓይኑን ጉዳይ ዝጊው፤ ባለዕዳው ሞቷል፣ አሟሟቱም ቀላል አልነበረም። ለክንዱ ግን ማንን ልግደልልሽ? ሀገር በጠመንጃ ይጠበቃል ስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም እላለሁ፤ ባዶ እጁን የሚቀመጥ ሕዝብ ይረገጣል። ነገር ግን ወራሪው ከወጣ በኋላ የጨበጠው እጃችን እንዴት እንደሚፈታ እኔ ከመጽሐፍ አላነበብኩም፤ ያስተማረኝም የለም። ልጅሽ ያውቀው ነበር። ያወቀበት ሰው ላይ ነው በሩን የዘጋነው።

ምድጃው ዳግመኛ ሲለኮስ ልጅሽን መሸጫው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ያየውና ይመለሳል። ግድግዳችን ላይ «የጠላት ጠበቃ» ብለው ጻፉ፤ እኔ ቀባሁት፤ ደግመው ጻፉ። አንድ ቀን ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ የሊጡ ገንዳ ውስጥ ገባ። እሱ ድንጋዩን አውጥቶ «ዛሬስ ጨው በዝቶበታል» ብሎ ቀለደ። አልሄድም አለ። እኔም በድንጋይ የሚመጣውን በጠመንጃ እመልሳለሁ አልኩ፤ ለዚህ እንኳ ተቆጣኝ።

ከዚያ የእርሾ ሚስት መጣች። አልጮኸችም። ጋጋሪዎቹ ሁሉ ባሉበት ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠችና «ልጄ፣ ባሌን ከእሳት ያወጣህልኝ አንተ ነህ፤ ይህን አልክድም» አለችው። «ግን ገዳዩ ያለበት በር ላይ ወንበር ስበህ ተቀምጠህ አይቼሃለሁ። አንተን ባየሁ ቁጥር ያን በር ነው የማየው። እህል አይወርድልኝም። ልጆቼ ከዚህ ቤት ዳቦ አንበላም ብለዋል፤ አባታቸው የሞተበትን ዳቦ። እስቲ አንተው ንገረኝ፣ ምን ላድርግ?» አለችው። ልጅሽ ከመሸጫው መስኮት ተነስቶ ወደ እሷ መጣ። ከዚያ «እሄዳለሁ እማማ፤ ልጆቹ ይብሉ» አላት። እኔ ጮኽኩ። ከአባታችን ቤት የእኛን ልጅ የሚያስወጣ አልተወለደም አልኩ። እሱ ግን በግራ እጁ ትከሻዬን ይዞ «ጋሼ፣ በድንጋይ ቢሆን አልሄድም ነበር» አለኝ።

ይኸው እልክልሻለሁ። ስትቀበይው እንዳትጮኺ፤ ፊቱን መጀመሪያ በግራ በኩል እይው፣ እዚያ በኩል አሁንም ያው ልጅሽ ነው። ሰው ፊት ምግብ አትቁረሺለት፤ ይናደዳል። ማነው እንዲህ ያደረገህ ብለሽ አትጠይቂው፤ ነግሬሻለሁና። ከእኛ ጋር ሲከራከር የኖረበትን ነገር ይዞ መከራከሩን ከቀጠለ ተከራከሪው፤ ካቆመ ግን ስልክ ሲሠራ ፈጥነሽ ንገሪኝ፣ ያን ጊዜ እፈራለሁ። ሀገሩን አስመልሰናል፣ እታለሜ። ከዳር እስከ ዳር የእኛ ነው። ለዚህ ለአንድ ሰው የሚሆን ስፍራ ግን ከውስጡ አጣን፤ ይህንንም የነጠቀን ወራሪ አይደለም።

ባለቤቴ እጅ ትነሳሻለች፤ የልጁን ልብስ እያጠፈች ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ ሳያት ደግሞ ትቆጣኛለች። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሐኪም ቤት ይሂድ። ትልቋን ልጅሽን ወንድሟን ሥራ ፈትቶ እንዳታስቀምጠው በይልኝ። ትንሿን ሳሚልኝ፤ መጽሐፍ ስታነብለት ቀኝ ዓይኑ እንደማያይ አትርሳና በግራው ትቀመጥ። ጋጋሪዎቹ፣ የቀሩት፣ ሰላም ይላሉ። የእርሾ ሚስትም እናቱን ሰላም በልልኝ ብላለች፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ወንድምሽ

ከዳቦ ቤቱ ፎቅ፣ የካቲት መግቢያ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ