ልጄን በሰማይ ልቀበል ስወጣ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ ማታ

ማስቲሹ ክንፉን በላው። ለወንበር ቆዳ የሚሆን ለፎም እንደማይሆን ማን ነገረኝ? በነጭ ኮላ ደገምኩት፤ እንዲይዝ ካውያ ጫንኩበት። ደብተሬ፣ አትሳቂ። ቀን ቃሊቲ የከባድ መኪና ወንበር አለብሳለሁ፣ ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም አውሮፕላን እሠራለሁ። ልጄ ቤዛ አብራሪዎች ት/ቤት ከገባች ወዲህ ወሬዋ አልገባ ብሎኝ ነው የጀመርኩት። አሁን ጅራት ለምን እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ።

ሞተሩንና ሪሞቱን የገጣጠሙልኝ ቴሌቪዥን ጠጋኙ ጎረቤቴ ጋሽ ገዛኸኝ ናቸው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

በረረ! ከሕንፃው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ። ጋሽ ገ. እንደ ሰርግ ቤት አጨበጨቡ።

ማታ ቤዛ ደወለች። ቅዳሜ ጠዋት አስተማሪ ሳይኖር ብቻዋን ራቅ ብላ ትበራለች፤ በእኛ ሰፈር ላይ ነው የምታልፈው። ሰው ሲመጣ መንገድ ወጥቶ መቀበል ነው ያደግንበት። ታዲያ ልጄ በአናቴ ላይ ስታልፍ በረንዳ ላይ ልቁም? እኔም አስነሳለሁ፣ ሰማይ ላይ እቀበላታለሁ።

ጋሽ ገ. አልወደዱትም። ሰው የያዘ አውሮፕላን ባለበት አይለቀቅም፣ ፈቃድም ይጠይቃል አሉ። የኔ ላባ ነው፣ እሷ ደግሞ የትና የት ከፍታ ላይ ነች አልኳቸው። አኮረፉ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት

መጣች፣ ለቀቅኩት። ከታች ሆኖ ከፍታ አይለይም ለካ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም እኩል። ላወርደው ሪሞቱን ስነካካ ጭራሽ ወጣ። የሷ አውሮፕላን ድንገት ተጋደመ፣ ዝቅ አለ። ልጄን ገደልኳት አልኩ። ተቃናች፣ ሄደች። የኔው አውሮፕላን አንድ ጎመን ማሳ ውስጥ ተከሰከሰ። እኔም መሬት ላይ ዘጭ።

ተመስገን። ተመስገን።

ማታ

ደወለች፤ በሰላም አርፋለች። ነጭ ነገር ፊቴ መጣ ብላ ለአስተማሪዋ ተናግራለች፤ ማንም አላየም። አስተማሪዋ ፍርሃት ነው ብሎ ጻፈባት። እንደገና እስክትፈተን ብቻዋን አትበርም።

«እማዬ፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ» አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? እራት በላሽ ወይ አልኩ።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ለጋሽ ገ. ተናዘዝኩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባትሪውን ፈተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከበደኝ። ይሄ የልጅሽን አውሮፕላን መስታወት ቢመታውስ አሉ፣ ቀስ ብለው። ፎሙን ብቻ ነበር ሳስብ የከረምኩት፤ ባትሪውና ሞተሩ ግን በዚያ ፍጥነት ድንጋይ ናቸው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ልጄ ግን ዓይኗን እንደተጠራጠረች ትቀራለች። ቅጣቱን እችለዋለሁ። እንዳታፍርብኝ ነው የምፈራው። ነገ ት/ቤቷ ሄጄ እናገራለሁ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ ረፋድ፣ ት/ቤቱ ኮሪደር

ከጎመኑ ማሳ አንስቼ የሰፋሁትን አውሮፕላን ይዤ መጣሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ክንፉ በመስኮት ወጣ። ረዳቱ ይበራል ወይ ብሎ ሦስቴ ጠየቀኝ፤ አዎ፣ ችግሩም እሱ ነው አልኩት። አንዷ ተሳፋሪ ለልጅሽ ነው ወይ አለችኝ። ለልጄ ነው አልኳት።

አስተማሪው ስብሰባ ላይ ነው፤ ጠብቂ ተባልኩ። አግዳሚው ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

ቤዛ መጣች! እኔን አየች። ጭኔ ላይ ያለውን አየች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ዓይንሽ ልክ ነው ያየው።»

ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ልትገድዪኝ ነበር እኮ አለችኝ፣ ድምጿ ተሰብሮ። አዎ አልኩ። እንባዋ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቅ አመለጣት። አልበረደላትም፣ ገና ቤት ስንገባ ልክ ልኬን ትነግረኛለች። ግን አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ቀና ብላ። ከቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ቀና አላለችም መሰለኝ። አውሮፕላኔን አገላብጣ እያየች የጅራቱን ስፌት ትነካካለች።

በሩ ተከፈተ። ስሜን ጠሩ። ብቻዬን ልገባ ስነሳ ክንዴን ያዘችኝ፤ ደብተሩን ዝጊው፣ አብረን ነው የምንገባው እያለች ነው።