የፈነዳው የዘይት ቱቦ

መርሳ፣ ሐሙስ፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም.

እናቴን ይዤ ከወልድያው ጦርነት ስሸሽ፣ ሲሪንቃ ላይ የአሮጌዋ ናፍጣ መኪናዬ የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ ፈነዳ። አንድ የጭነት መኪና መርሳ ድረስ ጎትቶ አደረሰንና መንገዱን ቀጠለ።

መብራት ስለጠፋ የሚበይድልኝ አጣሁ። የተሰነጠቀውን ቆርጬ በጎማ ቱቦ ቀጠልኩት፤ በሽቦም አሰርኩት። የቀረኝን ዘይት ሁሉ ጨምሬ ሞተሩን ሳስነሳው ጎማው ተፈናጥሮ ወጣና ዘይቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከተማው ውስጥ የሚሸጥ ዘይት የለም፤ ተኩሱም ቀርቧል። ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ ደሴ እየጎረፈ ነው፤ የእናቴ እግር ግን ከቤት ደጅ እንኳ አያደርሳትም።

«ተሠራልህ ልጄ?» አለችኝ ከኋላ ወንበር።

«አዎ እማዬ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ነው» አልኳት።

«ተመስገን» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። እስካሁን መንገዱን እያየች ተቀምጣለች። ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።