በ«ኑኞ» የተሸነፍኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ፊደልን በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። በማታ ትምህርት ቤቱ እንደኔ ያለ ተማሪ ታይቶ አይታወቅም። ሁሉንም ፊደል... እሺ፣ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቧ ሲቀሩ። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ «ቧንቧ»ን ግን ከሱቅ ታፔላ ላይ ገልብጬ ነው የጻፍኩት።

ከሥራ ስገባ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ቅጽ ይዛ ጠበቀችኝ። የትምህርት ምርጫ። ዓርብ ይመለሳል፣ የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የኮምፒዩተር ምስጢር ጠባቂ መሆን ነው የምትፈልገው። ሰው በስልክ የሚላላከውን ሌላው እንዳያነበው መቆለፍ። ጎሽ አልኩ። ታዲያ ልትማር ያሰበችው ኮምፒዩተር መሰላችሁ? ሒሳብ! ቁልፉ የሚሠራው ከቁጥር ነው አለችኝ። ኮምፒዩተሩ ቧንቧው ነው፣ ሒሳቡ ውሃው።

ውሃን ማን ይቀጥራል? የጎረቤታችን ልጅ በሒሳብ ተመርቆ፣ ሥራ አጥቶ ሦስት ዓመት የእናቱን ሶፋ ይጠብቃል። አልፈርምም አልኩ። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይቺን እልህ ከእናቷ ነው የወረሰቻት...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

መላ አገኘሁ። የራሴን ምስጢራዊ ጽሑፍ ፈጠርኩ። ፊደሉን ሁሉ አንድ አንድ ቤት መግፋት ነው፤ ሀ ሁ ይሆናል፣ ሁ ደግሞ ሂ። ሰባተኛው ዞሮ ግዕዝ። ማን ይደርስበታል?

ተወራረድን። በእርሳስ ብቻ ከፈታችው ሒሳብ። ኮምፒዩተር ካስፈለጋት ኮምፒዩተር ትማራለች።

አምስት መስመር ስጽፍ ዋልኩ። የመጀመሪያው፦ «ኦን ጁጎኔ ኑኞ»።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለችው። ፈታችው።

እንዴት አድርገሽ? አልኳት።

«አባዬ፣ አምስቱም መስመር ኑኞ ብሎ ነው የሚያልቀው። አንተ ደግሞ ስለ ራስህ ስታወራ መጨረሻህ ‹ነኝ› ነው። ጀግና ነኝ፣ ጎበዝ ነኝ... እሷን ካገኘሁ ሌላው ምን ይከብዳል?»

እናቷ ከጓዳ፦ «እኔስ ፊደል ሳልቆጥር ሃያ ዓመት አንብቤህ የለ?»

ተሳሳቁብኝ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ። የያዘችው እኮ እርሳስ ብቻ ነው... እንዲህ ያለች ልጅ ሶፋ ትጠብቃለች?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ፈረምኩ። በአውራ ጣት አይደለም፣ በስሜ። አንደኛ ምርጫ፦ ሒሳብ። ቃሉንም ራሴ ጻፍኩት። በሐመሩ ሐ ነው በሃሌታው ሀ ብዬ ብጠይቃት፣ በሁለቱም ይነበባል አለችኝ። ታዲያ ሁለቱን ለምን አስተማሩኝ?

ሥራ ቦታ ፎርማኑ ተምራ ምን ልትሆን ነው አለኝ። እጅ የማይነካው ቁልፍ ሠሪ አልኩት። አልገባውም። እኔም ገና አልገባኝም፤ ግን አላስነቃሁም።

ይሄን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ ልናዘዝ። የሐሙሱ «አንድ ሰዓት» የኔ ፈጠራ ነው። ልትወጣ በር ላይ ቆማ፣ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች፣ ጫማዋን እያሰረች ነው ጽሑፌን የፈታችው። ያውም የአንዱን እግር።